ላክስተን፦ አጥር ያልገባባት የእንግሊዝ መንደር

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኖቲንግሃም ነው፤ ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። በቀደም ከኦለርተን ወዲህ ስነዳ ላክስተን በሚባል መንደር በኩል አለፍኩ። ሌላው ገጠር ሁሉ በቁጥቋጦ አጥር የተሸነሸነ ነው። እዚያ ስደርስ ግን አጥሩ ድንገት ጠፋ፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው። የገበሬዎቹ ቤቶች ደግሞ እርሻው ዳር በመሆን ፈንታ መንደሩ ውስጥ ተጠጋግተው ነው የቆሙት። የአንድ ሀብታም መሬት ነው? የሥራ ባልደረባዬ መንደሩ የራሱ ፍርድ ቤት አለው ብሎኛል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?»

መልስ፦

ፍርድ ቤቱ እውነት ነው። ሜዳው ግን የአንድ ሰው እርሻ አይደለም። ያዩት የብዙ ገበሬዎች ማሳ ነው። ጎን ለጎን ይታረሳል፣ በመሃሉ አጥር የለም፣ ወሰኑ ችካልና ትልም ብቻ ነው። በአንድ ወቅት በተለይ የመካከለኛው እንግሊዝ መንደር አብዛኛው እንዲህ ነበር የሚያርሰው። ዛሬ ሥርዓቱ ከነማሳው፣ ከነተራው፣ ከነዳኛው የሚሠራው ላክስተን ላይ ብቻ ነው። የገጠር መሬት ታሪክ ሥራዬ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። ላክስተን ከኖቲንግሃም ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በስተምዕራቡ የሸርውድ ደን አሸዋማ መሬት አለ። አሸዋው እህል አይወድም፤ ስለዚህ ለዘመናት ደንና የነገሥታት አደን ሆኖ ቆየ። ላክስተን የተቀመጠው ከዚያ ወዲህ ነው፣ ከባዱ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ። ይህ አፈር ሲረጥብ ጫማ ይነቅላል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ስንዴ ግን ያበቅላል። ትልቁ ችግሩ ውሃ ነው። ውሃ ቶሎ አያሰርግም፣ ቦይ ካልተቆፈረለት ዘሩ ይበሰብሳል። የአንዱ ማሳ ውሃ ደግሞ የሚወርደው ወደ ጎረቤቱ ነው። ይህን ያዝ ያድርጉልኝ፤ ፍርድ ቤቱ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

መንደሩ በጽሑፍ የሚታወቀው ድል አድራጊው ዊልያም በ1086 ካስጻፈው ታላቁ የመሬት መዝገብ ጀምሮ ነው። ዊልያም ኖርማኖችን፣ የሰሜን ፈረንሳይ ሰዎችን፣ እየመራ እንግሊዝን ከመውረሩ በፊት መሬቱ ቶኪ የሚባል ሰው ነበር። ኖርማኖች ሲመጡ ለጄፍሪ አልሰሊን ተሰጠ። በስተሰሜን በኩል ከመንደሩ ወጣ ብሎ ሣር የለበሰ ትልቅ የአፈር ጉብታ አለ፤ የኖርማኖቹ ምሽግ የነበረ ነው። ግንቡ የለም፣ ጉብታውና ዙሪያው ያለው ቦይ ግን እንዳለ ነው። እዚያ የኖሩት ጌቶች የሸርውድን ደን የመጠበቅ ሹመት ነበራቸው። ከእነሱ የኤቨሪንግሃም ቤተሰብ ሰዎች ሐውልት ዛሬም በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተጋድሞ ይታያል። አንዷ ሴት የተቀረጸችው ከድንጋይ ሳይሆን ከዛፍ ግንድ ነው፣ ከኦክ። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ሆኖ ካገኙት እሷን ሳያዩ አይውጡ።

አሁን ወደ እርሻው። መንደሩ መሃል ላይ ነው፤ ዙሪያውን ምዕራብ ሜዳ፣ ወፍጮ ሜዳ እና ደቡብ ሜዳ የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ሜዳዎች አሉ። እያንዳንዱ ሜዳ በቁራሽ ማሳ ተከፋፍሏል። አንድ ገበሬ መሬቱ በአንድ ቦታ አይደለም ያለው። ከሦስቱም ሜዳ ድርሻ አለው፣ ድርሻውም እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። ለዚህ ነው ቤቶቹን መንደር ውስጥ ያዩዋቸው። መሬትዎ በሦስት አቅጣጫ ተበትኖ ሳለ ቤትዎን በአንዱ ሜዳ ላይ ቢሠሩ ከሌሎቹ ሁለቱ ይርቃሉ። መሃል መሆን ነው የሚያዋጣው። ሌላ ጊዜ ሲያልፉ ቤቶቹን ልብ ብለው ይዩ። ብዙዎቹ ጎናቸውን ነው ለመንገዱ የሰጡት። ከቤቱ ኋላ ግቢው፣ ጎተራው፣ ከዚያ ጠበብ ብሎ ወደ ኋላ የሚረዝም ጓሮ አለ። ይህ አቀማመጥ ከጡቦቹ በጣም የቆየ ነው።

ሦስቱ ሜዳዎች በተራ ነው የሚሠሩት። አንደኛው በመኸር ስንዴ ይዘራል። ሁለተኛው በጸደይ ገብስ፣ አጃ ወይም ባቄላ ይዘራል። ሦስተኛው ጦም ያድራል። በሚቀጥለው ዓመት ተራው ይዞራል። ጥንት ሰብሉ እንደታጨደ ከብትና በግ ቃርሚያው ላይ ይለቀቅ ነበር፤ የመንደሩ ሁሉ፣ ባንድ ላይ። ጦም ያደረውም ሜዳ እንዲሁ ይጋጣል፣ እበቱም ያፋፋዋል። አጥር የሌለበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል። ከብቱ የወል ከሆነ፣ መግቢያውና መውጫው ቀን አንድ ከሆነ፣ በቁራሽ ማሳ መካከል የሚቆም አጥር ከልካይ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ማንም ብቻውን ተነስቶ የፈለገውን መዝራት አይችልም። ጎረቤቱ ጦም ባሳደረበት ሜዳ አንዱ ስንዴ ቢዘራ የመንደሩ በግ ይበላዋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ደንብ መገዛት አለበት።

የቁራሹ ቅርጽም የራሱ ታሪክ አለው። ቀጭንና ረጅም ነው፣ ምክንያቱም በበሬ የሚጎተት ከባድ ማረሻ በየጊዜው ማዞር ያስቸግራል። ቀጥ ብለው ረጅም መንገድ ሄደው አንዴ ቢያዞሩ ይሻላል። የተለመደው ርዝመት 200 ሜትር ገደማ ነበር። በሬዎቹን ለማዞር ጫፍ ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ጠምዘዝ ማድረግ ግድ ስለሚል ብዙ ጥንታዊ ማሳ ጫፉ በቀስታ ይቆለመማል። ኤከር የሚባለው የእንግሊዝ መለኪያ፣ 4,047 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ መነሻው በበሬ የቀን እርሻ ነው። የእኛ ጥማድ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። መሬቱ ለምን እንዲያ ተበተነ በሚለው ላይ ግን ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ለምና ጭንጫውን እኩል ለመካፈል ነው ይላሉ። ሌሎቹ ውርስና የጋራ ምንጠራ ያመጣው ነው ይላሉ። እኔ የሚመስለኝ አንድ ምክንያት ብቻውን አይበቃም። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው፤ ዝናብ በዝቶ ታችኛው ሜዳ ቢበላሽ የማንም ሰው ምርት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ በዚህ ልክ ልናውቅ የቻልነው በአንድ ካርታ ነው። በ1620ዎቹ መንደሩን ሰር ዊልያም ኮርተን የሚባል የለንደን የጨርቅ ነጋዴ ገዛው። ይህ ሰው በ1627 ባርባዶስ ላይ የመጀመሪያዎቹን እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ካሰፈረው ጉዞ ጀርባ የነበረ ባለገንዘብ ነው። የገዛውን መሬት በትክክል ማወቅ ፈለገ። በ1635 ማርክ ፒርስ የሚባል ቀያሽ ቀጠረና መንደሩን አስለካ። ፒርስ በብራና ላይ እጅግ ትልቅ ካርታ ሠራ። ከ3,000 በላይ ቁራሽ መሬት አንድ በአንድ ተመዝግቧል፤ የማን ነው፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ በየትኛው ሜዳ ነው የሚለው ሁሉ አለ። ፒርስ ግን በመስመር ብቻ አልረካም። ሜዳው ላይ የሚያርሱ ሰዎችን፣ አጫጆችን፣ በጎችን፣ አዳኞችን፣ የነፋስ ወፍጮን ሳይቀር ትንንሽ አድርጎ ሥሏል። እያንዳንዱ ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ የሜዳውን ተራ ያሳያል። ካርታው አሁን ያለው ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። የኮርተን ሀብት ብዙም ሳይቆይ ተንኮታኮተና መንደሩ በፒየርፖንት ቤተሰብ እጅ ገባ። ይህን ስም ያስታውሱት።

እንግዲህ ሌላው ገጠር አጥሩን መቼ አገኘ? ብዙ ሰው ያ በአጥር የተሸነሸነ አረንጓዴ ገጠር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። በአንዳንድ አካባቢ፣ ለምሳሌ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በእርግጥ በጣም የቆየ አጥር አለ። በመካከለኛው እንግሊዝ ግን አብዛኛው አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ፓርላማው ከ5,200 በላይ የማጠር ሕጎች አወጣ። በእነዚህ ሕጎች 6.8 ሚሊዮን ኤከር መሬት ታጠረ፤ የእንግሊዝን አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። ዋናው ግፊት የመጣው ከ1760 በኋላ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። የአካባቢው ትልልቅ ባለመሬቶች ለፓርላማ ያመለክታሉ። ኮሚሽነሮች ይላካሉ። የተበታተነው ቁራሽ ሁሉ ተደምሮ እንደገና ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ ባለመሬት አንድ ላይ የገጠመ ድርሻ ይሰጠዋል። የወል ግጦሹም ይከፈላል። ባለድርሻው በራሱ ወጪ ያጥራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በእሾሃማ ቁጥቋጦ። እርስዎ ሲነዱ የሚያዩዋቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ አጥሮች የነዚያ ቀያሾች እጅ ሥራ ናቸው።

ምርት ጨመረ? በብዙ ቦታ አዎ። ግን ዋጋውን የከፈለው ማን ነው ሲባል መልሱ ያሳዝናል። መሬት የሌለው ጎጆ ነዋሪ በልማድ አንዲት ላም የወል ግጦሹ ላይ ያውላል፣ ከጫካው ማገዶ ይለቅማል። ወረቀት የለውም። ሲታጠር ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። ትንሽ መሬት ያለውም የአጥሩንና የቀያሹን ወጪ መሸፈን ሲያቅተው ሸጠ። ትልልቆቹ ገበሬዎች ደግሞ መሬታቸው ስለገጠመ ቤታቸውን ከመንደር አውጥተው እርሻቸው መሃል ሠሩ። ሌላ ቦታ ሜዳ ላይ ብቻቸውን የቆሙ የገበሬ ቤቶች የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ላክስተን ታዲያ እንዴት አመለጠ? አንዳንድ ጽሑፍ መንደርተኛው ለጥንቱ ባህል ታምኖ እንደጠበቀው አድርጎ ይተርካል። ይህ አተራረክ አይዋጥልኝም። ላክስተንም በከፊል ታጥሯል። በ1635 ካርታ ላይ አራተኛ ሜዳ ነበር፣ ምሥራቅ ሜዳ፤ ዛሬ ተራ ውስጥ የለም። ከቀሩትም ሜዳዎች ዳር ዳሩ በየዘመኑ እየተቆረሰ ታጥሯል። ሙሉ በሙሉ ያልታጠረበት ምክንያት የባለቤትነት ጣጣ ነው። መንደሩ ውስጥ ከአንድ በላይ ትልቅ ባለመሬት ነበር። የፒየርፖንት ቤተሰብ፣ በኋላ የማንቨርስ ኧርል (ኧርል የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) የተባሉት፣ ዋናውን ይዘዋል። የስካርብራ ኧርልም ሰፊ ድርሻ ነበረው፤ ሌሎች ትንንሽ ባለርስቶችም ነበሩ። መሬት ተለዋውጦ ለማጠቃለል መስማማት ያስፈልጋል፣ ስምምነቱ ደግሞ ቶሎ አልመጣም። ከዚያ 1870ዎቹ ደረሱ። ከአሜሪካ ርካሽ ስንዴ ገባ፣ የእህል ዋጋ ወደቀ፣ የመሬት ኪራይም አብሮ ወረደ። በዚህ ጊዜ ለማጠር ገንዘብ የሚያወጣ ማን አለ? ሜዳዎቹ በዚህ ዓይነት ተረፉ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የማንቨርስ ኧርል ቁራሾቹን አዋህዶ አሰፋቸው፤ ቁጥራቸው ቀነሰ፣ ለማሽን ተመቹ፣ አጥር ግን አልገባም። ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት ቁራሽ ማርክ ፒርስ ከለካው የሰፋ ነው።

አሁን የባልደረባዎ ወሬ ጋ ደረስን። ፍርድ ቤቱ ኮርት ሊት ይባላል። በመካከለኛው ዘመን የመሬት ጌታ በሚያስተዳድረው መንደር ሁሉ የነበረ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ ደብዛቸው ጠፍቷል። የቀሩትም ለሥነ ሥርዓት ብቻ ይሰበሰባሉ። በ1977 ፓርላማው የእነዚህን ጥንታዊ ፍርድ ቤቶች የመዳኘት ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን ለይቶ አስቀረ። ስለዚህ ዛሬም ሕጋዊ ሥልጣን አለው።

ሥራው የሚጀምረው ኅዳር መጨረሻ አካባቢ፣ ስንዴው ተዘርቶ ብቅ ሲል ነው። ጁሪ የሚባሉት ከገበሬዎቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች በትራክተር ተጎታች ላይ ተሳፍረው ወደተዘራው ሜዳ ይወጣሉ። ማሳ በማሳ ያያሉ። ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ዓይናቸውን አስተካክለው ይመለከታሉ፤ ትልሙ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ከገባ ድንበር ተገፍቷል ማለት ነው። ችካል የጠፋበት ቦታ አዲስ ይመታሉ። የሜዳው መንገድ የወል ስለሆነ ማረሻው ሣሩን ቦጭቆ እንደሆነ ይመረምራሉ። ቦይ ሳይጠረግ ከቀረ ይጻፋል፤ ያ ቀይ አፈር ይቅር አይልማ። ከዚያ የመንደሩ መጠጥ ቤት፣ ደቭኮት ኢን፣ ገብተው ምሳ ይበላሉ፣ ጥፋቱንም ቁጭ ብለው ይመክሩበታል። አንዱ ጁሪ ራሱ አጥፍቶ ከተገኘ እሱም ይጻፋል። ከሳምንት በኋላ ፍርድ ቤቱ ይሰየማል። የመሬቱ ጌታ ወኪል ይመራል። ቅጣቱ ይጸድቃል፣ ለሚቀጥለው ሜዳ አዲስ ጁሪ ይምላል። የቅጣቱ ገንዘብ ትንሽ ነው። ዋናው ቅጣት ስምን ጎረቤት ፊት ማስጠራት ነው፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ይጠነቀቃል።

በዚህ አሠራር ውስጥ እኔን የሚማርከኝ አጣሪዎቹም ተጣሪዎቹም ያው ሰዎች መሆናቸው ነው። ዘንድሮ የእርስዎን ድንበር ያየ ሰው ከርሞ የእሱን እርስዎ ያዩታል። ከመጠን በላይ የቀጣ ይቀጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያለፈም ሜዳው ይበላሽበታል። አጥር የሚሠራውን ሥራ እዚህ ሰዎቹ በየዓመቱ እየዞሩ ነው የሚሠሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል። ሜዳዎቹ መካከል ማረሻ ያልነካቸው የሣር መሬቶች አሉ፤ ሳይክስ ይሏቸዋል። በጣም ረግረግ ወይም ቁልቁለት ስለሆኑ ለእርሻ አልተመቹም። ሣራቸው የወል ነው። በየበጋው ድርቆሹ ለጨረታ ይቀርባል፣ የገዛው ያጭዳል። ለዘመናት ስላልታረሱ ሌላ ቦታ የጠፉ የሜዳ አበቦች እዚያ አሉ፤ በዚህ የተነሳ በተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ተከልለዋል። ሰኔ ላይ፣ ከመታጨዳቸው በፊት ቢደርሱ ያያሉ።

«የአንድ ሀብታም ነው ወይ» ላሉት፣ ገበሬዎቹ በአብዛኛው ተከራዮች ናቸው፤ የመሬቱ ባለቤት ግን ተቀያይሯል። በ1952 የማንቨርስ ኧርል ሜዳዎቹ ተጠብቀው እንዲቆዩ ብሎ ለግብርና ሚኒስቴር ሸጠ። በ1981 ከሚኒስቴሩ ወደ ዘውዱ ንብረት አስተዳዳሪ፣ ክራውን ኤስቴት፣ ተላለፈ። በ2020 ደግሞ ቶርዝቢ ኤስቴት ገዛው። ቶርዝቢ የፒየርፖንት ቤተሰብ ርስት ነው፤ በ1600ዎቹ ከኮርተን የገዙት የእነዚያው ሰዎች። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከባለቤቱ ይልቅ የገበሬው ቁጥር ነው። ሥርዓቱ የሚቆመው ጁሪ የሚሆኑ፣ እርስ በርስ የሚተያዩ በቂ ገበሬዎች ሲኖሩ ነው። ትንሽ እርሻ ቤተሰብ ማኖር እያቃተው ስለሆነ ገበሬዎቹ እየቀነሱ ነው፤ የአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይጠቃለላል። ሁለት ሦስት ሰው የቀረበት ሜዳ ላይ ጁሪ የሚያጣራው የለውም። ላክስተንን መጠበቅ ማለት ወጣት ገበሬ እዚያ ቤት ተከራይቶ መኖር እንዲችል ማድረግ ነው፤ ሜዳውን ብቻ ማስከበር አይበቃም።

ሌላ ቦታስ የለም ወይ ካሉ፣ ዴቨን ውስጥ ብራውንተን፣ ሊንከንሸር ውስጥ ደግሞ የአክስሆም አካባቢ አጥር የሌለው የቁራሽ ማሳ አለ። ማየቱ ጥሩ ነው። የሦስቱ ሜዳ ተራና የሚዳኘው ፍርድ ቤት ግን እዚያ የለም።

ለመጎብኘት ከተመቸዎት መኪናዎን ደቭኮት ኢን አጠገብ ያቁሙ፤ እዚያው ግቢ ስለ ሜዳዎቹ የሚያስረዳ ትንሽ የጎብኚዎች ቤት አለ። ከዚያ በእግረኛ መንገዶቹ ይሂዱ፣ ሰብል አይርገጡ። ወደ ምሽጉ ጉብታ ከወጡ አገሩ ጥሩ ሆኖ ይታያል። በየትኛው ሜዳ በኩል እንዳለፉ ባላውቅም፣ ያኔ ስንዴ ነበር ካሉኝ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ የጸደይ ሰብል ያገኛሉ፣ በሦስተኛው ዓመት ጦም ያድራል። ጦሙ ግን እንደ ድሮው ባዶ አይሆንም፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ በዚያ ተራ የከብት መኖ እንዲዘሩ ተፈቅዶላቸዋል። አረንጓዴ ሆኖ ቢያዩት ደንቡ የፈረሰ አይምሰልዎት።